«ሰላም» ለማለት ሦስት ወር፦ ከዜድ ኤክስ ስፔክትረም ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ

የመጀመሪያዬን ስፔክትረም የገደልኩት ራሴ ነኝ። እዚህ ለንደን ውስጥ ሰዎች እሁድ ጠዋት አሮጌ ዕቃቸውን ጭነው መጥተው፣ ከመኪናቸው ኋላ ዘርግተው ከሚሸጡበት ሜዳ ላይ አገኘሁት። ጥቁር፣ ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ግራጫ የጎማ ቁልፎች ያሉትና በታችኛው ቀኝ ጥጉ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ ሰንበር የተሰመረበት ኮምፒውተር ነበር። አዳፕተር አልነበረውም። ቤት ገብቼ መሳቢያ ውስጥ ከተጠራቀሙት አዳፕተሮች መካከል 9 ቮልት የሚል የተጻፈበትን መርጬ ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አልታየም፤ ከማሽኑ የወጣው ምልክት የተቃጠለ ነገር ሽታ ብቻ ነበር።

ያሳፈረኝ ገንዘቡ አልነበረም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ በሚጠገንበት አንዲት ጠባብ ሱቅ ለሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ፤ ሥራውን ያስተማሩን ጋሼ ደግሞ «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ሰካ» የሚሉት ቃል ከአፋቸው አይለይም ነበር። ያን ቃል ረስቼ አንድ ማሽን ካበላሸሁ በኋላ ሁለተኛውን ስገዛ ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል ሠራሁ፤ ያገኘሁትንም በደብተር መዘገብኩ። ከአያት ወይም ከጎረቤት ቤት ጣሪያ ሥር እንዲህ ያለ ማሽን ያገኘና «ይሠራ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ቢያንስ ከእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ያድነዋል ብዬ አምናለሁ።

ማሽኑን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ዜድ ኤክስ ስፔክትረም በካምብሪጅ ይገኝ በነበረው ሲንክሌር ሪሰርች በተባለው ድርጅት ተሠርቶ በሚያዝያ 1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ የቤት ኮምፒውተር ነው። ባለ 16 ኪሎባይት ሚሞሪው በ125 ፓውንድ፣ ባለ 48 ኪሎባይቱ በ175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር፤ የሚገጣጠመውም ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ከተማ ውስጥ በነበረው የታይሜክስ ፋብሪካ ነው። አንጎሉ በ3.5 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ዜድ 80 ኤ የተባለ ፕሮሰሰር ነው። ዲስክ የለውም፤ ፕሮግራም የሚቀመጠውም ሆነ የሚጫነው እኛ ሙዚቃ በምንሰማበት ተራ ካሴት ነው። ማብሪያና ማጥፊያ እንኳ የለውም፤ ሲሰካ ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል።

አሁን ወደ አዳፕተሩ ልመለስ፤ ማሽኑን የሚገድለው እሱ ነውና። የስፔክትረም የራሱ አዳፕተር 9 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት፣ 1.4 አምፔር የሚሰጥ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ አዳፕተሮች የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ፣ ውጩ ኔጋቲቭ ሲሆን፣ ስፔክትረም ግን በተቃራኒው መሃሉ ኔጋቲቭ ነው። እኔን ያሞኘኝም ይኸው ነው፤ ቮልቱን አነበብኩ እንጂ አዳፕተሩ ላይ የታተመችውን ትንሽ የክብ ሥዕል አላየሁም። ስለዚህ ቴስተራችሁን በቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ጫፍ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥቁሩን በውጭው ብረት ላይ አስነኩ፤ ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ከመጣ ትክክለኛው ነው። የጥንቱን አዳፕተር የምትለኩ ከሆነ ከ9 ይልቅ 12 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ብታዩ አትደንግጡ፤ ጭነት ሳይኖርበት ከፍ ብሎ ይነበባል፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪም ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል።

ሁለተኛውን ማሽን ከመሰካቴ በፊት ከፈትኩት። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ካላላችሁ በኋላ የላይኛውን ክዳን ቀስ ብላችሁ አንሡ እንጂ አትንጠቁ፤ ኪቦርዱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ሪባኖች አሉ። እነዚህ ሪባኖች አርባ ዓመት ቆይተው እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል ሆነዋል፤ አንድ ጊዜ ካጠፋችኋቸው እዚያው ይሰነጠቃሉ። የእኔዎቹ ገና ሳነሳቸው ተሰነጠቁ። ደግነቱ ከቁልፎቹ ሥር ያለው ስስ የኪቦርድ ሽፋን ከነሪባኖቹ ዛሬም በአዲስ እየተሠራ ይሸጣል፤ መለወጡም ብየዳ አይፈልግም። የድሮውን ሪባን በመቀስ ቆርጣችሁ ጫፉን ደግማችሁ ለመሰካት የምታስቡ ከሆነ ግን ተዉት፤ እኔ ሞክሬው ለአንድ ሳምንት ብቻ ሠራ።

ቦርዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው፣ በጊዜ ብዛት የሚደርቁትን ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ሁሉ መለወጥ ነው፤ ዋጋቸው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም፤ ሲበየዱ ግን የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫቸው እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ቮልት መለካት ነው፤ ይህን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እመክራለሁ። የታችኛውን 16 ኪሎባይት የሚይዙት ስምንት የሚሞሪ ቺፖች 4116 የሚባሉ ጥንታዊ ዓይነት ሲሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት ቮልት ይፈልጋሉ፦ 5፣ 12 እና ከዜሮ በታች 5። ከዜሮ በታች ያለው 5 ቮልት ሲጠፋ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ካሉ ቺፖቹ ራሳቸው ይበላሻሉ። ያንን ቮልት የሚያመነጨው ክፍል ውስጥ ደግሞ ቲአር 4 የተባለች አንዲት ትራንዚስተር አለች፤ አዳፕተር በተገለበጠ ቁጥር መጀመሪያ ከሚሄዱት አንዷ እሷ ናት። የሞተው ማሽኔ ላይ የሸተተችውም እሷ ነበረች። የለወጣችሁትን ለውጣችሁ ስትሰኩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሦስቱን ቮልቶች ለኩ፤ አንዱ ከጎደለ ወዲያው ንቀሉ።

ሥዕሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። ስፔክትረም ሥዕሉን የሚልከው በአንቴና ገመድ፣ በዩ.ኤች.ኤፍ. ቻናል 36 ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የአናሎግ ስርጭት በ2012 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም ብዙ ቴሌቪዥኖች አሁንም የአናሎግ መቀበያ አላቸው፤ በሪሞቱ ራስ ሰር ፍለጋ ሳይሆን በእጅ ፍለጋ ቻናል 36 ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሥዕሉ ግን ደብዛዛና የሚንቀጠቀጥ ይሆናል። መበየድ የምትችሉ ከሆነ የአንቴናው መሰኪያ ያለበት የብረት ሳጥን ውስጥ ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች የቪዲዮውን ለይታችሁ፣ ሁለቱንም ከሳጥኑ አላቅቃችሁ፣ ቪዲዮውን በአንድ ካፓሲተር በኩል ከመሰኪያው መሃል ጋር አገናኙት፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ቴሌቪዥኑ ቢጫ መሰኪያ ላይ ሰክታችሁ የጠራ ሥዕል ታያላችሁ። ይህን ከሠራሁ ወዲህ ወደ ቻናል 36 ተመልሼ አላውቅም።

ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ ስክሪኑ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይነጣል፣ ከዚያም ከታች በኩል የሲንክሌር ሪሰርች ስምና 1982 የሚለው ዓመት ይታያል። የሚያዩት ይህንኑ ብቻ ነው። የሚነካ ሥዕል፣ የሚከፈት መስኮት የለም። ከላይ ወደ ታች የሚሮጥ ሰንበር ወይም የተዥጎረጎረ ካሬ ከታያችሁ ደግሞ ከስምንቱ የሚሞሪ ቺፖች አንዱ ሞቷል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቺፕ ከአንድ ባይት (ስምንት ቢት፣ ማለትም ስምንት የ0 ወይም የ1 ምልክት) ውስጥ አንዷን ቢት ብቻ ስለሚይዝ፣ የሰንበሩ ቦታ የትኛው ቺፕ እንደሞተ ይጠቁማል።

ቀጥሎ ሰው የሚያማርረው ኪቦርዱን ነው። በዚህ ማሽን ትእዛዝ በፊደል አይጻፍም። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሙሉ ትእዛዝ ይወጣል፦ ‹ፒ› «ፕሪንት» ትሆናለች፣ ‹ጄ› «ሎድ»፣ ‹ኤስ› «ሴቭ»፣ ‹ጂ› «ጎቱ»፣ ‹ኦ› ደግሞ ቁጥርን ሚሞሪ ውስጥ የምታስቀምጠው «ፖክ»። ማሽኑ ትእዛዝ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ጠቋሚዋ ‹ኬ› ሆና ትብለጨለጫለች፤ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ወደ ‹ኤል› ትለወጥና ያኔ ፊደሉ እንደ ፊደል ይጻፋል። የመጀመሪያውን ሳምንት እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ማሽኑን ጠላሁት። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ ትእዛዙ እንደ አንድ ቃል ሳይሆን እንደ አንድ ባይት ነው ሚሞሪ ውስጥ የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ኪቦርዱ የሚያሳየኝ የማሽኑን ሐሳብ እንጂ የእኔን አጻጻፍ አይደለም። ትእዛዞቹ የሚጻፉበትን፣ ቤዚክ የተባለውን የማሽኑን የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ስቲቨን ቪከርስ የማሽኑንም መመሪያ ጽፏል፤ ቋንቋውን የሠራው ሰው ራሱ የሚያስረዳበት መመሪያ ስለሆነ ዛሬም ከእሱ የተሻለ መጀመሪያ አላየሁም።

ካሴቱ ላይ ስንደርስ የድሮው ሙያዬ ጠቀመኝ። ከማሽኑ ጋር የገዛሁት የካሴት ማጫወቻ ድምፁ ጥሩ ቢመስልም «ሎድ» ባልኩ ቁጥር በመጨረሻው ላይ የካሴት ስሕተት የሚል መልእክት ያመጣ ነበር። ጭንቅላቱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግሁት፤ አሁንም አልሆነም። ከዚያ ካሴቱን እያጫወትኩ ከጭንቅላቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ወዲያና ወዲህ አልኳት፤ የሲር ድምፁ በጣም ሹል ሆኖ በተሰማኝ ቦታ ላይ ተውኳት። በሱቃችን ውስጥ ያለቀበት የሚመስል የዘፈን ካሴት ሁሉ የምናድነው በዚህች ብሎን ነበር። ፕሮግራሙ በዚያው ሙከራ ተጫነ።

ካሴት ማጫወቻ ለሌላችሁ ስልክ ይበቃል። የድምፅ ፋይሉን ስልካችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ማሽኑ የ«ኢር» መሰኪያ ገመድ አገናኝታችሁ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ። በሚጫንበት ጊዜ የስክሪኑ ዳር መጀመሪያ በቀይና በውሃ ሰማያዊ ሰፋፊ ሰንበሮች፣ ከዚያ በሰማያዊና በቢጫ ቀጫጭን ሰንበሮች ይሞላል፤ ቀጫጭኖቹ እየሮጡ ከሆነ መረጃ እየገባ ነው። ስልኩን ግን አስቀድማችሁ ኤሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። እኔ አንድ ማታ አራት ደቂቃ ተኩል ጠብቄ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረኝ እትዬ ከአዲስ አበባ ደወሉ፤ የስልኩ ጥሪ በቀጥታ ስፔክትረሙ ውስጥ ገባና ሁሉም ነገር ተበላሸ። ለእትዬ ለምን እንደዘገየሁ ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ስትመዘግቡ ሁለት ነገር አትርሱ። «ሴቭ» ስትሉ ወደ «ኢር» የሚገባውን ገመድ ንቀሉና ድምፁ ከማሽኑ የሚወጣበትን የ«ማይክ»ን ብቻ ተዉ፤ ሁለቱ አብረው ሲሰኩ አንዳንድ ማጫወቻ ላይ ድምፁ በራሱ ላይ እየዞረ ቅጂውን ያበላሸዋል። ከመዘገባችሁ በኋላም «ቬሪፋይ» በሚለው ትእዛዝ ካሴቱን መልሳችሁ አስነብቡ። ይህን የምለው ከጉዳት ተምሬ ነው፤ የማሽኑ የኃይል መሰኪያ ላላ ያለ ስለነበር ጠረጴዛውን በክርኔ ብነካው የሦስት ምሽት ሥራ በአንድ ብልጭታ ጠፋ። ቀድሜ የመዘገብኩት ሌላ ቅጂ ነበረኝ፤ አስነብቤው ስለማላውቅ ግን ባዶ ሲር ሆኖ አገኘሁት።

የጠፋው ሥራ ፊደል ነበር። ይህን ማሽን ለምን እንደፈለግሁት ልጄ ስትጠይቀኝ የመለስኩላት «ሰላም ብዬ ልጻፍበት» ብዬ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

በስፔክትረም ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት የሆነ የነጥቦች ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ባይት፣ አንዱ ፊደል ስምንት ባይት። ማሽኑ ተጠቃሚው እንዳሻው የሚስላቸው 21 ፊደሎች ይፈቅዳል፤ በባለ 48 ኪሎባይቱ ማሽን ላይ የሚቀመጡት ከሚሞሪ ቁጥር 65368 ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ 65535 ድረስ ነው። አንድ ባለካሬ የሂሳብ ደብተር ገዛሁና «ሀ»ን ስምንት በስምንት ካሬ ላይ አጠቆርኩት። ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 እያልኩ የጠቆሩትን ብቻ ደመርኩ። «ሀ» 0፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 36፣ 24፣ 0 ሆነ። ፕሮግራሙ ይህን ይመስላል፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ሆሄ የሚታየውን እዚህ በአነባበቡ ጽፌዋለሁ፦

10 ፎር አ=0 ቱ 7
20 ሪድ ደ
30 ፖክ ዩኤስአር "ኤ"+አ,ደ
40 ኔክስት አ
50 ዳታ 0,66,66,66,66,36,24,0

ይህን አስሂዳችሁ፣ የካፕስ ሺፍትን ከ9 ጋር ተጭናችሁ ወደ ግራፊክስ ስትገቡና ‹ኤ›ን ስትነኩ፣ ስክሪኑ ላይ «ሀ» ይወጣል። ያኔ ከወንበሬ ተነስቼ ልጄን ጠራኋት። እሷ «አንድ ፊደል ብቻ?» አለች፤ ልክ ነበረች።

የእኛ ፊደል 33 ዘር በሰባት መልክ፣ 231 ነው፤ በ21 ቦታ አይሆንም። መፍትሔው የሚገኘው ማሽኑ የላቲን ፊደሎቹን የት እንደሚፈልግ በሚያመለክቱት ሁለት የሚሞሪ ቦታዎች፣ በ23606 እና በ23607 ውስጥ ነው። ሲበራ 23606 ላይ 0፣ 23607 ላይ 60 ይገኛል፤ ይህም ማሽኑ በፋብሪካ የተቀረጸበትን ፊደል ያመለክታል። 23607 ላይ ሌላ ቁጥር ስታስገቡ ማሽኑ ፊደሉን እናንተ ካስቀመጣችሁበት ቦታ ይስላል። አንድ ስብስብ 96 ምልክት፣ 768 ባይት ነው። ለ231 ፊደል ሦስት ስብስብ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ፊደል ገበታውን ዘርግቼ ስቆጥር የሚያስደስት ነገር አገኘሁ። 13 ዘር በሰባት ሲባዛ 91 ነው፤ አንድ ለባዶ ቦታ፣ አራት ደግሞ ለእነ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ሲጨመር 96 ይሞላል። ስለዚህ ከ«ሀ» እስከ «ኀ» ያሉት 13 በመጀመሪያው ስብስብ፣ ከ«ነ» እስከ «ገ» ያሉት 13 በሁለተኛው፣ ከ«ጠ» እስከ «ፐ» ያሉት 7 በሦስተኛው ገቡ። የመጀመሪያውን ከ62976፣ ሁለተኛውን ከ63744፣ ሦስተኛውን ከ64512 ጀምሬ አስቀመጥኳቸው፤ ቤዚክ እንዳይነካቸውም አስቀድሜ «ክሊር 62975» አልኩ። ለ23607 የሚሰጡት ቁጥሮች 245፣ 248 እና 251 ናቸው። ለምን 246 አይሆንም ለሚል፣ ማሽኑ ከስብስቡ መጀመሪያ 256 ባይት ወደ ኋላ ያለውን ቦታ ስለሚጠብቅ ነው፤ ይህን ሳላስተውል አንድ ምሽት ሙሉ «ሰላም» ስል ሌላ ሦስት ፊደል ሲወጣ አይቻለሁ።

ሥዕሉ ራሱ ግን ከሂሳቡ ይከብዳል። ካዕብ በቀኝ በኩል መሃል ላይ፣ ሣልስ በቀኝ እግሩ ላይ ጭረት ስለሚፈልግ፣ ግዕዙን በስምንት ነጥብ ወርድ ሙሉ ከሳላችሁት ለጭረቱ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ሁሉንም በአምስት ነጥብ ወርድ ደግሜ ሳልኳቸው። «መ» ሁለት ቀለበት ነው፤ በአምስት ነጥብ ውስጥ ሁለት ቀለበት የሚገባው መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ሲጋሩ ብቻ ነው፦ 124፣ ከዚያ 84፣ 84፣ 84፣ መዝጊያው እንደገና 124። ላዩን ስትከፍቱት «ሠ» ሆነ፤ ታቹን ስትከፍቱት «ሐ» ሆነ። ስለ ፊደላችን ይህን ያህል ዕድሜ ስኖር ሦስቱ በአንድ አጥንት ላይ የቆሙ መሆናቸውን ያየሁት በዚያ ደብተር ላይ ነው።

እንደ «ለ»፣ «ሰ»፣ «በ»፣ «ከ» ላሉት ሁለት እግር ላላቸው ካዕቡንና ሣልሱን ማሽኑ ራሱ እንዲሠራቸው አደረግሁ። «በ» 0፣ 124፣ 68፣ 68፣ 68፣ 68፣ 68፣ 0 ነው። አራተኛው ረድፍ ላይ 2 ስትደምሩ 70 ይሆንና «ቡ» ይወጣል፤ ሰባተኛው ላይ ስትደምሩ «ቢ» ይወጣል። ሳድሱና ሳብዑ ግን ሕግ አይገዛቸውም፤ እነሱን አንድ በአንድ በእጅ ሣልኩ። «ጨ» ከነሰባት መልኩ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አሁንም ቢሆን «ጬ»ን ከ«ጨ» የሚለየው ተጠግቶ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ስምንት ነጥብ አይበቃም።

እያንዳንዱ ፊደል በገበታው ተራ ከ0 እስከ 230 ቁጥር አለው፦ የዘሩን ተራ በ7 አባዙ፣ የመልኩን ተራ ጨምሩ፣ አንድ ቀንሱ፤ የዘሩ ተራ የሚቆጠረው ከዜሮ ነው። የሚከተለው ንዑስ ፕሮግራም ቁጥሩን ተቀብሎ ትክክለኛውን ስብስብ መርጦ ይጽፈዋል፤ «ነ» የፊደሉ ቁጥር፣ «ሰ» የስብስቡ ቁጥር ናቸው፦

9000 ሌት ሰ=ኢንት (ነ/91)
9010 ፖክ 23607,245+3*ሰ
9020 ፕሪንት ሲኤችአር$ (33+ነ-91*ሰ);
9030 ፖክ 23607,60
9040 ሪተርን

«ሰላም» 42፣ 10፣ 26 ነው፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ስብስብ ውስጥ ናቸው። «ኢትዮጵያ» ግን ሦስቱንም ስብስብ ትጠራለች፦ «ኢ» ከሁለተኛው፣ «ት» ከመጀመሪያው፣ «ዮ» ከሁለተኛው፣ «ጵ» ከሦስተኛው፣ «ያ» እንደገና ከሁለተኛው። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቃል የለም።

መስመር 9030ን አትዝለሉት። እኔ መጀመሪያ አልጻፍኩትም ነበር፤ ፕሮግራሙ በስሕተት ሲቆም ማሽኑ የራሱን የስሕተት መልእክት በእኛ ፊደል ጻፈልኝ። የምሰጠው ትእዛዝም በእኛ ፊደል እየተዘበራረቀ ይታይ ስለነበር የማደርገውን ማየት አልቻልኩም። ዓይኔን ከስክሪኑ አንስቼ በእጄ ብቻ ‹ኦ›ን፣ ቀጥሎ 23607፣ የሲምቦል ሺፍትን ከ‹ኤን› ጋር ለኮማ፣ 60 እና ኢንተርን ስጫን ነው ላቲኑ የተመለሰው። በዚያው ምሽት ከተከሰተው ግራ መጋባት ሌላም ነገር ተማርኩ፦ በላቲን «ሰላም»ን የሚያህለው ‹ኬ›፣ የመደመር ምልክትና ሴሚኮለን ነው፤ ለማሽኑ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ 23607 ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ሲጠናቀቅ ፊደሉን ሁሉ «ሴቭ "ፊደል" ኮድ 62976,2304» ብዬ በካሴት አስቀመጥኩ፤ ከግማሽ ደቂቃ ብዙ አልፈጀም፤ በሁለት የተለያዩ ካሴቶች ላይ መዝግቤም ሁለቱንም አስነበብኩ። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ሦስት ወር ሆኖ ነበር።

የቀሩት እነ «ሏ»፣ «ሟ»፣ «ቧ» ነበሩ። ለእነሱ መጀመሪያ የናቅኋቸው 21 ቦታዎች ጠቀሙኝ፤ እነዚህ ከየትኛውም ስብስብ ጋር ስለሚሠሩ ለዲቃላዎቹ የተሠሩ ይመስላሉ። ከ«ሏ» እስከ «ፏ» 17 አስገባሁ፤ «ቋ»፣ «ኋ»፣ «ኳ»፣ «ጓ» ሲጨመሩ በትክክል 21 ሞላ። «ዧ» ብቻ ውጭ ቀረች፤ ማን ይፈልጋታል ብዬ ተውኳት። በማግስቱ ልጄ ቁጭ ብላ ቁጥር እየደመረች ስለ ዝናብ አንድ ዓረፍተ ነገር ልትጽፍ ስትሞክር ነው «ዧ ብሎ ፈሰሰ» የሚለው ላይ የቆመችው። «ጿ»ን አውጥቼ «ዧ»ን በቦታዋ ሣልኳት።